የላም ቀንድና የወይን ግንድ

(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች አንዱ)



አንድ ሰው በትምህርት ከፍ ብሎ፥ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ፥ ጥሩ ደመወዝ ሲያገኝ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ዶማ ይዟል ሲባል ብንሰማ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ምን አጥፍቶ ተባረረ?» ብለን ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የምነግራችሁ ሰው ግን ማንም ያባረራቸው አልነበረም። ሙሴ ኒኮላ ዦሊ ይባላሉ፤ ፈረንሳዊ ናቸው። በኒው ዮርክ ከተማ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በንግድ አስተዳደር ትምህርት ተመርቀው፥ ጄ. ፒ. ሞርጋን በተባለው ታላቅ ባንክ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1977 ዓ.ም. የባንኩን ወንበር ለቀቁና እናታቸው ያስተዳድሩት ወደ ነበረው የወይን እርሻ ተመለሱ። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ንግግሬ ስለ እኒህ ሰውና ስለ ቤተሰባቸው፥ እነርሱም ስለሚከተሉት ባዮዲናሚክ ስለሚባለው የእርሻ ዘዴ ነው። ነገሩ የወይን ጠጅ ለሚወዱ ብቻ የሚጠቅም መስሎ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ። በውስጡ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ እርሱንም በስፍራው እደርስበታለሁ።

ሉዋር የተባለው ወንዝ በፈረንሳይ አገር ካሉት ወንዞች ሁሉ ረዥሙ ነው። ይኸው ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲወርድ፥ አንዤ ከምትባለው ከተማ በታች፥ በሰሜኑ ዳርቻ ሳቬኒዬር የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። በዚህችም መንደር አጠገብ ኩሌ ደ ሴራን የሚባል ተዳፋት አለ፤ ስፋቱ ሰባት ሄክታር ያህል ብቻ ነው። አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ሺስት የሚባል ድንጋይ አለበት። በዚህ ተዳፋት ላይ ወይን መጀመሪያ የተከሉት የሲቶ ማኅበር መነኮሳት እንደ ሆኑ፥ ዘመኑም 1130 ዓ.ም. እንደ ነበረ ባለ እርሻዎቹ ይናገራሉ። አጠገቡም «የመነኮሳት አለት» ተብሎ የሚጠራው ምሽግ ነበረ፤ በ1214 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ዮሐንስ ይህን ምሽግ ከብቦ ሳለ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ሉዊ ደርሶ ከበባውን ያስለቀቀው በዚሁ ስፍራ ነው። እንግዲህ መሬቱ ነገሥታት ሲወጡና ሲወርዱ ያየ፥ ወይን ማብቀሉን ግን ያልተወ መሬት ነው።

በተዳፋቱ ላይ የሚበቅለው ሽነን የሚባል ነጭ የወይን ዘር ነው። ኩርኖንስኪ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ፈረንሳዊ የምግብና የመጠጥ ጸሐፊ በአገሩ ካሉት ነጭ የወይን ጠጆች ሁሉ አምስቱን ለይቶ ሲያከብር ከአምስቱ አንዱ ይህ የኩሌ ደ ሴራን ወይን ነበረ። በፈረንሳይ ሕግ የወይን ጠጅ ስም ከበቀለበት ቦታ ጋር የታሰረ ነው፤ ይህንንም የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ብዙውን ጊዜ አንዱን የቦታ ስም በመቶ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ይካፈሉታል። ኩሌ ደ ሴራን ግን ራሱን የቻለ የቦታ ስም ያለው ሆኖ ባለቤቱ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። የዦሊ ቤተሰብ ይህን እርሻ የያዘው በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፥ በዙሪያው ያሉትን ሌሎች ሁለት ቁራሽ የወይን ቦታዎች ጨምሮ ጠቅላላ ስፋቱ ዐሥራ አምስት ሄክታር ያህል ነው።

እናታቸው መሬቱን ያሳርሱ የነበረው በቆየው ልማድ ነበረ። ልጃቸው ከባንክ ሲመለሱ፥ ሙሴ ዦሊ ራሳቸው በጻፉትና ደጋግመው በተናገሩት መሠረት፥ አንድ የእርሻ አማካሪ ወደ ቤታቸው መጣ። አማካሪውም «እናትዎ በደኅና አስተዳድረዋል፤ ነገር ግን አሠራራቸው ያረጀ ነው፤ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ቢረጩ ለሠራተኛ የሚያወጡት ገንዘብ ብዙ ይቀንስልዎታል» የሚል ምክር ሰጣቸው። በባንክ ሥራ የሠለጠነ ሰው እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለመቀበል ጊዜ አይፈጅበትም። ሙሴ ዦሊ ምክሩን ተቀበሉ፤ መድኃኒቱንም አስረጩ።

ሁለት ዓመት ያህል ሲሆን ግን በመዝገቡ ላይ የማይጻፍ ነገር ማየት ጀመሩ። የአፈሩ መልክ ተለወጠ። በወይኑ መካከል ይርመሰመሱ የነበሩት ጥንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት ጠፉ። በየቁጥቋጦው ሥር ይፈለፈሉ የነበሩት ቆቆችም አይታዩም ሆነ። በገንዘብ በኩል ትርፍ አለ፤ በመሬቱ በኩል ግን አንድ ነገር እየሞተ ነው። ሰውየው የዚህን ጊዜ ቆም ብለው አሰቡ።

እዚህ ላይ፥ አድማጮቼ፥ ለአማካሪውም ሚዛን መስጠት ይገባናል። የአውሮፓ የወይን ገበሬ ወደ መድኃኒት የሄደው በክፋት ወይም በስንፍና አይደለም። ከ1860ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ትንሽ ቅማል የወይኑን ሥር እየበላች የፈረንሳይን የወይን አትክልት በሰፊው አጠፋች። ይህ መዓት ሳያልፍ በ1878 ዓ.ም. ሚልዲው የሚባለው የቅጠል በሽታ እንዲሁ ከአሜሪካ ተሻግሮ ገባ። በቦርዶ አገር የሚገኙ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬውን እየቀጠፈ እንዳያስቸግራቸው በመንገድ ዳር ያለውን ወይን መዳብና ኖራ በጥብጠው ይቀቡት ነበር። ሚያርዴ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ እንዲህ የተቀባው ወይን ከበሽታው መዳኑን አስተውሎ ከመረመረ በኋላ በ1885 ዓ.ም. መድኃኒቱን ለዓለም አስታወቀ። እነሆ፥ ሌባ ለመከልከል የተቀባ ቀለም አገር አዳነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሠራተኛው ቍጥር ሲቀንስና ደመወዙ ሲወደድ፥ የኬሚካል ማዳበሪያውና የአረም ማጥፊያው ለገበሬው ከልብ የታሰበ እርዳታ መስሎ ነበር የመጣው። ስለዚህ ጥያቄው መድኃኒት ክፉ ነው ወይስ ደግ ነው የሚል ሊሆን አይችልም። ጥያቄው መድኃኒቱ ከሚሰጠው ጋር ምን ይወስዳል የሚለው ነው።

ሙሴ ዦሊ በዚህ ሐሳብ ላይ ሳሉ ስለ ባዮዲናሚክ እርሻ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እጃቸው ገባ። በ1980 ዓ.ም. በጥቂት ቦታ ላይ ሞከሩት፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ እርሻቸውን በሙሉ ወደዚሁ ዘዴ መለሱት።

የዚህ ዘዴ አባት ዶክተር ሩዶልፍ ሽታይነር ናቸው። በ1861 ዓ.ም. በያኔው የኦስትሪያ መንግሥት ግዛት የተወለዱ ፈላስፋ እንጂ ገበሬ አልነበሩም። ከእርሻ በቀር በትምህርት ቤት አሠራርም ስማቸው የታወቀ ነው። በዘመኑ አንዳንድ ገበሬዎች የዘራቸው ብርታት እየቀነሰ፥ የከብቶቻቸውም ጤንነት እየደከመ መሄዱን አይተው ምክር ቢለምኗቸው፥ በ1924 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኮበርቪትዝ በተባለ ርስት ስምንት ንግግሮች አደረጉ። ቦታው በዚያን ጊዜ የጀርመን ነበረ፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ነው። ዶክተር ሽታይነር ከዚህ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በመጋቢት 1925 ዓ.ም. ሞቱ። ትምህርቱን በተግባር ያዋሉትና ባዮዲናሚክ የሚለውን ስም ያወጡለት ተከታዮቻቸው ናቸው፤ ቃሉም ሕይወትና ኀይል ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው።

የትምህርቱ መሠረት ባጭሩ እንዲህ ነው። እርሻ ራሱን እንደቻለ ሕያው አካል ይቈጠራል። ሰው ሳንባና ጉበት፥ ልብና ሆድ እንዳለው፥ እርሻም አፈር፥ ተክል፥ ከብትና ገበሬ አሉት፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ስለዚህ እርሻው የሚበላውን ማዳበሪያ በተቻለ መጠን ራሱ ማፍራት አለበት፤ ከሱቅ የሚገዛ ሲሆን ግን በሰው ደም እንደሚኖር በሽተኛ ይሆናል ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም አስተዋይ ገበሬ የሚቀበለው ይመስለኛል። ከብቱ ለመሬቱ ፍግ፥ መሬቱ ለከብቱ ገለባ እንደሚሰጥ ለእኛ አገር ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ለሰሚው እንግዳ ነው። በመከር ጊዜ የላም ቀንድ ትኩስ እበት ተሞልቶ በመሬት ውስጥ ይቀበራል። ክረምቱን በሙሉ ከቆየ በኋላ በጸደይ ሲወጣ እበቱ ጠረኑ ጠፍቶ፥ ጠቁሮና ልሞ ለም አፈር ይመስላል። ከዚህም መቶ ግራም ያህሉ ሠላሳ ሊትር ገደማ በሚሆን ውሃ ውስጥ ይገባና አንድ ሰዓት ሙሉ ይማሰላል። አማሳዩ ውሃውን በአንድ ወገን እያዞረ በመካከሉ ጥልቅ አዙሪት ሲፈጠር፥ ድንገት አቅጣጫውን ለውጦ በሌላው ወገን ያዞረዋል፤ እንዲህ እያለ ሰዓቱን ይጨርሳል። ይህች ለአንድ ሄክታር ትበቃለች። ሁለተኛው ደግሞ ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ድንጋይ ደቅቆ በቀንድ ከተሞላ በኋላ በበጋ የሚቀበር ነው። ከእርሱም ለአንድ ሄክታር የሚበቃው አራት ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በጧት በቅጠሉ ላይ ይረጫል። የመጀመሪያው ሥርን ወደ ምድር፥ ሁለተኛው ቅጠልን ወደ ብርሃን ይስባል ብለው ያምናሉ። ከእነዚህም ሌላ በፍጉ ክምር ውስጥ የሚገቡ ስድስት ዓይነት ቅመሞች አሉ፤ ከስድስቱም አንዱ እኛም የምናውቀው ሳማ ነው።

በዚህ ላይ የሰማይ መቍጠሪያ ይጨመራል። ማሪያ ቱን የተባለች ጀርመናዊት በ1963 ዓ.ም. ባወጣችው የቀን መቍጠሪያ ጨረቃ በየትኛው የከዋክብት ክፍል እንዳለች እየታየ ቀኖቹ የሥር፥ የቅጠል፥ የአበባና የፍሬ ቀኖች ተብለው ተከፍለዋል። ብዙ ባለ ወይኖች የሚቈፍሩበትንና የሚለቅሙበትን፥ አንዳንዶችም ጠጁን የሚቀምሱበትን ቀን ከዚሁ ያወጣሉ።

በኩሌ ደ ሴራን ተዳፋት ላይ ሥራው በዚህ ዓይነት ይካሄዳል። ተዳፋቱ ለትራክተር አይመችም፤ ትራክተር ቢገባም አፈሩን ረግጦ ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ የሚታረሰው በፈረስ ነው። ፍጉ ከራሳቸው ላሞች ይገኛል። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይለቀምም፤ ለቃሚዎቹ በአንዱ ረድፍ ደጋግመው እየተመላለሱ የበሰለውን ዘለላ ብቻ ይቈርጣሉ። በጋኑም ውስጥ ከውጭ የተገዛ እርሾ አይጨመርም፤ በፍሬው ልጣጭ ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ሥራውን ይሠራል። ሙሴ ዦሊ የሚሉት የወይን ጠጅ ከመጣፈጡ በፊት የመጣበትን ቦታ በእውነት መመስከር አለበት ነው። አንድ ቦታ ስሙን በሕግ አስከብሮ ሳለ፥ አፈሩ በመድኃኒት ከሞተ፥ እርሾውም ከፋብሪካ ከመጣ፥ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው የቦታ ስም ምን ይመሰክራል? ይህ ጥያቄያቸው ከቀንዱም ከጨረቃውም ይልቅ ብዙ ባለ ወይኖችን አሳምኗል ለማለት እደፍራለሁ። በ2001 ዓ.ም. ይህንኑ ዓላማ የሚከተሉ አምራቾችን የሚያሰባስብ አንድ ማኅበር አቋቁመዋል።

እንግዲህ አስተዋይ አድማጭ «ይህ ሁሉ እውን ይሠራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መጠየቅም ይገባዋል። መልሱን ከሁለት ከፍሎ ማየት ይሻላል።

በስዊስ አገር ቴርቪል በተባለ ስፍራ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ባዮዲናሚክ፥ ሌላው ያለ ኬሚካል የሚሠራው እርሻና የተለመደው እርሻ ጎን ለጎን ተተክለው ሲመረመሩ ኖረዋል። የተመረመረው ስንዴ፥ ድንችና እነዚህን የመሰለ ሰብል ነው። የሃያ አንድ ዓመቱ ውጤት በ2002 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም፥ ያለ ኬሚካል የታረሰው መሬት ምርቱ ከመቶ ሃያ እጅ ያህል አንሶ ተገኘ። ነገር ግን የገባበት ማዳበሪያና የኀይል ወጪ ከመቶ ከሠላሳ አራት እስከ ሃምሳ ሦስት እጅ፥ የተባይ መድኃኒቱም ከመቶ ዘጠና ሰባት እጅ የቀነሰ ነበረ። በአፈሩም ውስጥ ትሉና ዓይን የማያያቸው ሕያዋን በዝተው ተገኙ። ስለዚህ ሙሴ ዦሊ በዓይናቸው ያዩትን የአፈር መድከም ሳይንስም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከኬሚካል የራቀ መሬት ሕይወቱ ይበዛል።

በሌላው ወገን፥ ቀንዱና አዙሪቱ ብቻቸውን ምን ይጨምራሉ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ቀጭን ይሆናል። በካሊፎርንያ ዩካያ በተባለ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የወይን እርሻ፥ ሌላው አሠራር ሁሉ አንድ ሆኖ፥ በአንዱ ክፍል ቅመሞቹ ሲጨመሩ በሌላው ሳይጨመሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተሞክሮ ነበር። ውጤቱ በ2005 ዓ.ም. ሲታተም በስድስት ዓመት ውስጥ በአፈሩ ጠባይ ላይ ልዩነት አልታየም፤ በፍሬው ላይ በአንድ ዓመት ጥቂት ልዩነት ታይቷል። ስለ ቀን መቍጠሪያውም በኒው ዚላንድ የተደረገ ምርመራ በ2017 ዓ.ም. ታትሟል። ዐሥራ ዘጠኝ የወይን ጠጅ አዋቂዎች ዐሥራ ሁለት ዓይነት ቀይ ወይን በፍሬ ቀንና በሥር ቀን፥ ቀኑን ሳያውቁ፥ እንዲቀምሱ ተደረገ፤ ቀኑ ጣዕሙን ለወጠው የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አድማጮቼ ግን የየራሳችሁን ፍረዱ። ቀንዱ ራሱ ተአምር ይሠራል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ቀንዱን የሚቀብር፥ ውሃውን አንድ ሰዓት የሚያማስል፥ ከዚያም በየረድፉ እየዞረ በጧት የሚረጭ ገበሬ፥ በዓመት ውስጥ ከግንዶቹ አጠገብ የሚቆምበት ሰዓት ከሌላው እጅግ ይበልጣል። ቅጠሉ መገርጣቱን፥ ተባዩ መፈልፈሉን፥ አፈሩ መጠንከሩን ከሁሉ አስቀድሞ ያያል። «የባለቤት ዓይን ከብት ያወፍራል» እንደሚባለው ነው። ሥርዐቱ መሬቱን ባይለውጥ ሰውየውን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ሰው ደግሞ መሬቱን ይለውጣል።

ይህ አሠራር ግን በነጻ የሚገኝ አይደለም። የፈረስ እርሻ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ምርቱም ያንሳል። ዝናም በበዛበት ዓመት ሚልዲው ሲነሣ፥ ባለ ኬሚካሉ ገበሬ በተክሉ ውስጥ የሚሠርጽ መድኃኒት ሲረጭ፥ ባዮዲናሚኩ ግን በዋነኛነት የሚደገፈው በመዳብና በድኝ ነው። እነዚህም ከቅጠሉ ላይ በዝናም ታጥበው ስለሚወርዱ እንደገና ይረጫል። መዳብ ደግሞ እየተጠራቀመ በአፈር ውስጥ የሚቀር ነገር ነው፤ ሲበዛ ትሉን ይጎዳል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለአንድ ሄክታር በሰባት ዓመት ውስጥ ከሃያ ስምንት ኪሎ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህም በአማካይ በዓመት አራት ኪሎ ማለት ነው። አፈርን ለማዳን የተነሣ ሰው ራሱ አፈርን በሚያሰጋ ብረት ላይ መደገፉ የዚህ ዘዴ ያልተፈታ ቋጠሮ ነው። ደጋፊዎቹ ይህን በሚናገሩ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኛ ግን ዝቅ ማድረግ አይገባንም።

አሁን በስፍራው እደርስበታለሁ ወዳልኋችሁ ጥያቄ ደርሻለሁ። በፈረንሳይ ቡርጎኝ በተባለው አገር በቦን ከተማ ሙሴ ኢማኑኤል ዢቡሎ የሚባሉ ሌላ ባዮዲናሚክ ባለ ወይን አሉ። አባታቸው በ1970 ዓ.ም. ኬሚካል የተዉ ገበሬ ነበሩና እርሳቸውም በዚሁ መንገድ አድገዋል። በዚያ አገር ፍላቬሳንስ ዶሬ የሚባል የወይን በሽታ አለ። የምታስተላልፈው ፌንጣ የምትመስል ትንሽ ነፍሳት ናት፤ የያዘው ግንድ አይድንም፤ ተነቅሎ ይጣላል። በሽታው ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ስለሚዛመት በ2013 ዓ.ም. የአውራጃው ገዢ፥ የወይን ባለቤት ሁሉ ነፍሳቷን የሚገድል መድኃኒት እንዲረጭ አዘዙ። ያለ ኬሚካል ለሚሠሩትም ከአበባ የሚገኝ መድኃኒት ተፈቅዶላቸው ነበር። ሙሴ ዢቡሎ ግን «በእኔ እርሻ በሽታው የለም፤ ይህም መድኃኒት ከክፉዋ ነፍሳት ጋር ደጎቹን ይገድላል» ብለው እንቢ አሉ።

ተቈጣጣሪዎች መጡ፤ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሕጉ እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ ሠላሳ ሺሕ ዩሮ መቀጮ ሊያደርስ የሚችል ነበረ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በዲዦን ከተማ ችሎት ሲቀርቡ በመቶ የሚቈጠር ሕዝብ በደጅ ቆሞ ይደግፋቸው ነበር። በሚያዝያ ወር ፍርድ ቤቱ አንድ ሺሕ ዩሮ፥ ከዚያም ግማሹ በገደብ የሚታለፍ፥ መቀጮ ፈረደባቸው። ይግባኝ ብለው በታኅሣሥ ወር ነጻ ወጡ፤ ይህም የሆነው ትእዛዙ ሕጉ የሚጠይቀውን ሥርዐት ሳያሟላ የወጣ ነው በመባሉ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እስቲ ራሳችሁን በዚያ አውራጃ ገዢ ወንበር ላይ አስቀምጡ። በአንድ ወገን ሦስት ትውልድ የደከመበትን ወይን በበሽታ የሚያጣ ጎረቤት አለ፤ አንድ ሰው እንቢ በማለቱ ብዙዎች ሊጎዱ ይችላሉ። በሌላው ወገን መሬቱን እንደ መዳፉ የሚያውቅ፥ በየቀኑ የሚያየው፥ በሽታው የለም የሚል ገበሬ አለ። ትእዛዙ በሽታው ያለበትንና የሌለበትን ሳይለይ ለአገሩ በሙሉ በአንድ ቀን ወጣ። ገዢው በሽታውን መከላከላቸው ግዴታቸው ነበረ፤ በዚህ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ለሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ሰርኩላር መጻፍ የሚቀል፥ በየእርሻው ሄዶ መርምሮ መለየት የሚከብድ መሆኑን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የበሽታውን ነገር ሳይፈርድ የተመለከተው ይህንኑ ነው፤ ሌላውን ሥርዐት አክብር የሚል ባለሥልጣን አስቀድሞ ራሱ ሥርዐቱን አክብሮ መገኘት አለበት። ወደ ሙሴ ዦሊ የመጣው አማካሪም እንዲሁ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የያዘው ሒሳብም ትክክል ነበረ። የጎደለው በሒሳቡ ውስጥ ለቆቁና ለትሉ የሚሆን ዓምድ ነው።

ቤተሰብ የሚያስተዳድረው እርሻ ያለው ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል። ተቀጣሪ ሥራ አስኪያጅ ሒሳቡን የሚዘጋው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የዘንድሮው ትርፍ ከአምናው ከበለጠ ይመሰገናል። አባትና እናት ግን ሒሳቡን የሚዘጉት በልጃቸው ነው። የወይን ግንድ ከተተከለ በኋላ ሙሉ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚያም ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ተካዩ የሚተክለው ከራሱ ዕድሜ በኋላ ለሚመጣ ሰው ነው። በኩሌ ደ ሴራን ዛሬ የወይን ጠጁን ሥራ የተረከበችው የሙሴ ዦሊ ልጅ ቪርዢኒ ናት። አባት ከአያት የተረከቡትን መሬት በሁለት ዓመት አድክመውት ነበረ፤ ጥፋታቸውን አውቀው ለመመለስ ግን ዓመታት ፈጀባቸው። ለልጃቸው ያስረከቡት ትልቁ ርስት ሰባቱ ሄክታር ብቻ አይመስለኝም፤ «ተሳስቻለሁ» ብሎ መመለስንም ጨምረው አስረክበዋል።

ንግግሬን ለመደምደም፥ ከዛሬ ጀምሮ ቀንድ እንቅበር ወይም ጨረቃ እንቍጠር ብዬ ልመክራችሁ አልተነሣሁም። ሁለት ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው፥ የቆየ ልማድ በእጃችሁ ሥር ሲገባና በአዲስ ዘዴ ለመተካት ስታስቡ፥ አዲሱ የሚያስገኘውን ብቻ ሳይሆን የሚያስጠፋውንም ጻፉ፤ ለዚህም ቦታው ድረስ ሄዳችሁ አፈሩን በእጃችሁ ዝገኑ፤ ገበሬውንም ጠይቁ። ሁለተኛው፥ ልማድ ስለ ቆየ ወይም አስተማሪው ስለ ተከበረ ብቻ አትመኑት፤ እንደ ቴርቪልና እንደ ዩካያ ሰዎች ጎን ለጎን ተክላችሁ፥ ዓመታት ታግሣችሁ፥ ውጤቱ ለእናንተ ባይመችም እንኳ እውነቱን አትሙ። መሬት እንደ ሰው አቤቱታ አይጽፍም፤ ማመልከቻውም በመዝገብ ቤት አልፎ ወደ ጠረጴዛችን አይመጣም። የቆቁ ዝምታ አቤቱታው ነውና እርሱን መስማት የእኛ ሥራ ነው።